ከግርጌ የሚቆረጠው

የሸዋሮቢትን ሙቀት በስስ ሸሚዝ ይዤ፣
ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ሽቅብ ተጉዤ፣
ከጣርማበር ዋሻ ወዲህ ብቅ ስል አንዴ፣
ብርዱ አስቆመኝ እንደ ኬላ፦ «መታወቂያ አለሽ እንዴ?»

ደብረ ብርሃን። ብሎክ ሰባት፣ ባለ ስድስት አልጋ፤
መስኮታችን መስታወት የለው፣ በካርቶን ነው የሚዘጋ።
ከላዬ የምትተኛው እንዳሻሽ የመንዝ ልጅ ናት፣ ውርጭ አትፈራ፤
ገና ሳይነጋ ትታጠባለች፣ የባልዲውን በረዶ በቡጢ ሰብራ።
እኔ ካልሲ በካልሲ ላይ፣ ጋቢ በብርድ ልብስ ላይ ደርቤ
አልሞቅ እላለሁ፤
ቆላ ቀርቷል መሰል ልቤ።

«ጋዜጠኝነትን መረጥሽ?» ይሉኛል። አልመረጥኩም፣ መረጠኝ።
ቅጹ ላይ አራተኛ ነበር፤ ነጥቤ ነው እዚያ ያስቀመጠኝ።
አባቴ ግን ለመንደሩ ነግሯል፤ ሰዉ ሁሉ በስልክ ይጠይቀኛል፦
«በቴሌቪዥን መቼ ነው የምትወጪው?»
እሱማ ከአሁኑ በሁለት ሰዓቱ ዜና ይጠብቀኛል።
ካፌ ሰልፍ ላይ ስቆም በለሆሳስ ዜና አነባለሁ፦
«የምሳው ሽሮ መቅጠኑን ታማኝ ምንጮች ገለጹ…»
ከኋላዬ ሲስቁ እሰማለሁ።

መምህር ይልቃል ሰሌዳው ላይ ፒራሚድ ሣሉ፤
ጫፉን ወደ ታች ደፍተው «ዜና እንዲህ ነው» አሉ።
«ትልቁን አናቱ ላይ ስቀሉት፣ ትንሹን ወደ ታች አውርዱት፤
አርታኢ ቦታ ሲጠበው መቀሱን ከግርጌ ነው የሚያስነሣው፣ ልመዱት።
የቤት ሥራ፦ አንድ ዜና። መቶ ሃምሳ ቃል።»

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ፣ ስልኬን መቅጃ አድርጌ፤
ባና የሚሸጡ ሴት አገኘሁ፣ ከበግ ተራው ግርጌ።
«ማን ልበል?» አልኩ። «በለጥሻቸው።» «ስንት ነው?» ዋጋውን ነገሩኝ።
«ዘንድሮ ለምን ተወደደ?» ስል ግን ዝም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤
«የኔ ልጅ፣ ትንቀጠቀጫለሽ» አሉና የሚሸጡትን ባና አለበሱኝ።
መቅጃው ይቆጥራል፣
እኔ እሞቃለሁ፣
የቀረው ጥያቄ ጠፋብኝ።

ዜናውን ጻፍኩት። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ በየቦታው ገባ።
ርእሱም «በደብረ ብርሃን ገበያ የባና ዋጋ ጨመረ» ነበር፤ እንከን አልባ።
ከግርጌ አንዲት መስመር ነበረች፣ «ባናውን አለበሱኝ» የምትል፤
መምህሩ በቀይ ሰረዟት፤ ዳር ላይ «አንቺ ዜና አይደለሽም» የሚል።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። የቀረችኝ የአምስት ብር ካርድ ናት።
«ደህና ነኝ» አልኩት፤ መሪው አንቀጽ ይኼ ነው፣ የተሰቀለው ከአናት።
«ምግቡም ጥሩ ነው፣ ትምህርቱም»፤ ሁለተኛው ተከተለ፤
ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ቦዩ ውሃ ጠየቅሁት፤ «እግዜር ይመስገን» አለ።
በመካከሉ ሲያስለው ሰማሁ። «ጉንፋን ነው» አለኝ፤ ተቀበልኩት፣
ምንጭ አላጣራሁም። ሌላ ጥያቄም አልጠየቅሁት።
ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ጠባቡ ጫፍ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩኝ፤
«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ…»
ካርዱ አለቀና ቆረጠኝ።

እንዳሻሽ ከላይ አንገቷን አስግጋ «ምን አለ አባትሽ?» አለችኝ።
«ደህና ነው» አልኳት። ሳሉን ከግርጌ ቆርጬ።
እሷም አመነችኝ።

መብራት ጠፋ። ነፋሱ ካርቶኑን እየደበደበ ያስጮኻል።
እኔ የዋጥኩትን ያህል፣ እሱስ ከግርጌ ስንቱን ውጧል?
በስልኬ ብርሃን ደብተሬን ገለጥኩ፤
አናቱን ባዶ ትቼ፣ ከታች፣ ከመጨረሻዋ መስመር ጀመርኩ፦
«አባቴን ያስለዋል።
ከመቼ ጀምሮ? ማታ ማታ ነው? ሐኪም አይቶታል?»

ጠዋት ሱቁ ሲከፈት፣ የአሥር ብር ካርድ።